ተዘቅዝቆ የተለጠፈው ገጽ

ባደግሁበት ቤት ጋዜጣ የሚነበበው ቆሞ ነበር። ታች ያለውን ተንበርክኮ፣ ከበሩ በላይ ያለውን ዱካ ላይ ወጥቶ። ጋዜጣ ለእኛ በእጅ የሚያዝ ነገር ሳይሆን የግድግዳ ልብስ ነበርና።

ዛሬ በእጄ ይዤ አነባለሁ፤ ያውም ከእርሳስ ጋር። ቅዳሜ ቅዳሜ ሰበታ መናኸሪያ አጠገብ ካለው አዟሪ እገዛና ከፊት ገጹ እስከ መጨረሻው ማስታወቂያ አንዲት መስመር ሳልዘል እወርዳለሁ። የተከፈተ ጥቅስ ሳይዘጋ ከቀረ፣ ያንዱ ሰው ስም ላይና ታች ተለያይቶ ከተጻፈ አከብበታለሁ። አዟሪው ታዝቦኛል። «እትዬ፣ ደግሞ ጨረታውንም ያነቡታል? ትራንስፎርመር ሊገዙ ነው?» ይለኛል። እስቃለሁ። ፊደል የቆጠርኩት በጨረታ ማስታወቂያ ላይ መሆኑን ከየት ጀምሬ ልንገረው?

ክረምቱ ሊወጣ ሲል እማዬ የጭቃ ግድግዳችንን ትለቀልቅና፣ ሲደርቅ ለእንቁጣጣሽ ጋዜጣ ታለብሰዋለች። ጋዜጣውን አባባ ከሚሠሩበት ፋብሪካ፣ ዕቃ የተጠቀለለበትን ሰብስበው ያመጡታል። ማጣበቂያው በውኃ ተበጥብጦ እሳት ላይ የወፈረ የፉርኖ ዱቄት ነበር። የዚያ ትኩስ ዱቄት ሽታ ከጭቃውና ከጋዜጣው ቀለም ጋር ተቀላቅሎ ቤቱን ሲሞላው፣ አዲስ ዓመት ደጃችን ላይ የቆመ ይመስለኝ ነበር። እማዬ ማንበብ አትችልም። ሥዕል ያለበትን ገጽ ሰዎቹ በእግራቸው እንዲቆሙ አድርጋ ትለጥፈዋለች፤ ሥዕል የሌለበትን ግን እጇ እንዳገኘው። አንድ ዓመት ታዲያ እኔና ታናሼ ሌንሴ በምንተኛበት አልጋ በኩል የዋለው፣ ከዳር እስከ ዳር ጨረታ ብቻ የሞላበት ገጽ፣ ተዘቅዝቆ ተለጠፈ።

ትምህርት ቤት አልገባሁም ነበር። ታላቄ ገመቹ ይማራል፤ እማዬ ገበያ ጎመን ትሸጣለች፤ ሌንሴን የምይዝ እኔ ነኝ። ከእኔ የሚያንሱ ልጆች ደብተራቸውን በፌስታል አንጠልጥለው ሲያልፉ ሌንሴን አዝዬ ከበራችን ላይ እሸኛቸዋለሁ። ገመቹ ፊደል ሲቆጥር በጆሮዬ የያዝኩትን ድምፅ፣ እሱ ከሄደ በኋላ ግድግዳው ላይ እፈልገው ጀመር። በበሩ በኩል ያሉትን ቀስ በቀስ ለየኋቸው። በአልጋው በኩል ያለው ግን የሌላ አገር ፊደል መሰለኝ። አንድ ቀን ሌንሴን አስተኝቼ፣ በጀርባዬ ጋደም እንዳልኩ ጭንቅላቴን ከአልጋው ጠርዝ ወደ ታች ባንጠለጥል፣ ፊደሎቹ ሁሉ ቀጥ ብለው ቆሙ። ስቄ ሕፃኗን ቀሰቀስኳት። እያደር ጭንቅላቴን ማንጠልጠልም ቀረ፤ ዓይኔ ራሱ ያቃናቸው ጀመር።

በግቢያችን አንዲት ክፍል የተከራዩ መምህር ኢተፋ የሚባሉ ዓይነ ስውር ነበሩ፤ በልጅነታቸው ለትምህርት ሰበታ መጥተው በዚያው የቀሩ። ከሰዓት በኋላ ገመቹ ደጃቸው ላይ ጋዜጣ ያነብላቸዋል። የገመቹ ልብ ግን ኳስ ሜዳ ነበር፤ ቶሎ ለመጨረስ መስመር ይዘላል። አንድ ቀን ጋዜጣውን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ሲያነብ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ነበር።

«ዘለልክ» አልኩት፣ ሳላስበው።

«አንቺ ደግሞ ምን ታውቂያለሽ? ሕፃኗን ያዢ!»

መምህር ኢተፋ እጃቸውን አነሱ። «ቆይ፤ ማናት?»

«ወርቄ ናት፣ መምህር። ዝም ብላ ትቀባጥራለች።»

«ትቀባጥር። የዘለለውን በይው እስቲ፣ ወርቄ።»

ካለሁበት ሳልነሳ አልኩት። ገመቹ ጋዜጣውን አየ፣ እኔን አየ። «ኧረ ዘቅዝቃ ነው የምታነበው!» ብሎ ጮኸ። መምህሩ እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «አባትሽ ስንት ሰዓት ነው የሚገቡት?» አሉኝ።

አባባ ከፋብሪካ ገብተው እግራቸውን ሲታጠቡ መምህሩ በምርኩዛቸው እየዳበሱ መጡ። «አካም ጅርቱ፣ ኦቦ ደቻሳ። ይቺ ልጅ ታነባለች። ትምህርት ቤት ትግባ።»

አባባ ሳቁ። «ግድግዳውን ሸምድዳው ነው፣ መምህር። በቀቀንም ይናገራል ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«እንግዲያው ግድግዳ ያልሆነ ይስጧት። ይኸው የዛሬው።»

አባባ እጃቸውን ጠራርገው ጋዜጣውን ተቀበሉ። ሥዕሉን አይታ እንዳትገምት ብለው ሥዕል ያለበትን ሁሉ አለፉና፣ ጽሑፍ ብቻ የሞላበትን ገጽ አወጡ። በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ ወጥረው ያዙልኝ። ዘቅዝቀው።

ገመቹ አፉን በእጁ አፈነ። መምህር ኢተፋ ምንም አላዩም፤ ጆሯቸውን ወደ እኔ አዘንብለው ይጠብቃሉ። እኔ የአባባን ፊት አየሁ። እንደ ዳኛ ኮስተር ብለዋል። «ያዙሩት» ብል የሚሆነው ወለል ብሎ ታየኝ፤ ገመቹ ይስቃል፣ አባባ በእንግዳ ፊት ያፍራሉ፣ ካፈሩ ደግሞ እሺ አይሉም። ከበሩ ላይ ሌሎችን ስሸኝ መኖሬ ነው። ጣቴን ከታች ወደ ላይ ብወስደው እንዳያሳብቅብኝ እጄን ወደ ኋላዬ አደረግሁና እንደያዙት አነበብኩት። ያረጁ የጭነት መኪናዎች ባሉበት ሁኔታ እንደሚሸጡ የሚናገር ነበር። አንዲት ቃል አልዘለልኩም።

ስጨርስ አባባ ገጹን አላወረዱትም። «ሕፃኗስ?» አሉ በመጨረሻ፤ ለእኔ ይሁን ለራሳቸው አልታወቀም።

እማዬ ከጓዳ መለሰች። «ገበያ አዝያት እሄዳለሁ። ጎመን የምሸጠው በእጄ እንጂ በጀርባዬ ነው እንዴ?»

አባባ ጋዜጣውን በጥንቃቄ አጠፉት። «ቶሌ፣ እሺ፤ ትግባ» አሉ። በመስከረም፣ ትከሻዬ ላይ ከሚደርሱ ልጆች ጋር አንደኛ ክፍል ተቀመጥኩ።

አሁን አባባ ከእኔ ጋር ነው የሚኖሩት። ግድግዳችን ቀለም ተቀብቷል፤ በመስከረም ቤቱን የሚሞላው የዱቄት ሽታ የለም። የገመቹ ልጅ ሲፈን ዜናውን ሁሉ በስልኳ ነው የምታየው። ስልክ ደግሞ ዘቅዝቀው ቢይዙት ጽሑፉን ራሱ ያቃናል። ስታሳየኝ ገርሞኝ ደጋግሜ አገላበጥኩት።

ባለፈው ቅዳሜ ጉድ ጉድ ብዬ እስክመለስ አባባ ጋዜጣዬን ዘርግተው ጠበቁኝ። ሲፈን ከስልኳ ቀና አለች።

«እንዴ አባባ፣ ዘቀዘቁት እኮ!» ብላ ተንከተከተች።

አባባ ገጹን አዩ። ከዚያ ቀና ብለው እኔን አዩኝ፤ ቆይተው፣ ቆይተው።

«ያን ጊዜስ?» አሉኝ።

ምን ጊዜ ብዬ አልጠየቅሁም። እርሳሴ በእጄ ነበር። «ያን ጊዜማ አቃንተው ነበር የያዙልኝ፣ አባባ» አልኩ።

በጥርስ አልባ ድዳቸው ፈገግ አሉ። ጋዜጣውን ሳያዞሩት በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ ወጠሩት።

«በይ እንግዲህ፣ አንብቢ።»

እርሳሱን አስቀምጬ፣ እጄን ወደ ኋላዬ አድርጌ ጀመርኩ።