የቀኝ በር መስታወት

የበደለኝ አጎቴ ተክሌ ነው፤ የአባቴ ታናሽ ወንድም። የበደለኝም በጃንሆይ መጨረሻ ዓመታት፣ ስድስተኛ ክፍልን ጨርሼ ክረምቱ እንዳለፈ፣ በመስቀል ሰሞን፣ ቡታጅራ ከአባቴ ደጅ ላይ ነው። የሞተ ሰው ስም በክፉ አይነሳም የሚሉኝ ዘመዶች አሉ፤ የእኔን ስም ግን በሕይወት እያለሁ ሲያነሱት ኖረዋል። ባለፈው ጳጉሜ የአጎቴ ልጅ ግቢዬ ውስጥ መኪና አቁሞ የማስቲሽ ጣሳ ሲከፍት፣ ያ የጎማ ሙጫ ሽታ በመስኮት ገብቶ አፍንጫዬን መታው፤ የምለቅመውን ምስር አስቀምጬ ተነሳሁ።

ያን ጊዜ የከተማችን ትምህርት ቤት ከስድስተኛ ክፍል አያልፍም ነበር። ከዚያ በላይ መማር የፈለገ ልጅ አዲስ አበባ የሚያስጠጋው ዘመድ ማግኘት ነበረበት፣ የእኛ ዘመድ ደግሞ መርካቶ ጨርቅ የሚነግደው አጎቴ ተክሌ ነበር። ሐምሌ ላይ በጭነት መኪና ሾፌር በኩል «ለመስቀል ስመጣ ልጅቷን ይዣት እመለሳለሁ፣ እኔ ቤት ሆና ትማር» ብሎ ላከ። ክረምቱን ሙሉ ዝናቡ ከጓሮ የእንሰቱን ቅጠል ሲደበድብ እያዳመጥኩ፣ ያለችኝን አንዲት ደህና ቀሚስ አጥቤ፣ ምድጃ ዳር አድርቄ፣ አጣጥፌ ካስቀመጥኩ በኋላ እንደገና አውጥቼ አጥብ ነበር። እናቴ «በእጥበት ልትጨርሻት ነው» እያለች ትስቅብኝ ነበር።

መስከረም ገብቶ ደመናው ሲሳሳ፣ ደመራው ሊለኮስ ጥቂት ቀን ሲቀረው አጎቴ መጣ። በጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥሎ የሄደው ሰው ከጣሊያን አገር የመጣች ሰማያዊ ትንሽ መኪና እየነዳ ተመለሰ። እኛ በጉራጌኛ ስናናግረው እሱ በአማርኛ ይመልስልን ነበር። ነገር ግን ኮረኮንቹ መንገድ አልራራላትም፤ የቀኙ በር መስታወት ከሥሩ ከተጣበቀበት የብረት ቦይ ተላቆ በሩ ሆድ ውስጥ ሰምጦ ነበርና፣ አጎቴ ሰላምታውን ሳይጨርስ ጣቶቹን ወደ ውስጥ ሰዶ መስታወቱን እየጎተተ ያወጣ ጀመር። ከሾፌሩ ጎን የሚቀመጥ ሰው በር ነው፤ እኔ አዲስ አበባ ድረስ የምሄድበት ቦታ።

የሰፈሩ ሽማግሌዎች በርጩማቸውን ይዘው መጥተው መኪናዋን ከበቡና በምን ይጣበቅ የሚለው ክርክር ተጀመረ። አንዱ የአናጢ ኮላ አለ፤ ሌላው ሬንጅ ቀልጦ ይፍሰስበት አለ፤ አባቴ ስቱኮ አለ። እኔ አውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ ወዳለው ጎማ ጠጋኝ ሮጬ ሄጄ፣ ነገሩን ነግሬው፣ በትንሽ ጣሳ ማስቲሽ ለምኜ አመጣሁ። አጎቴ ጣሳውን አሸተተና ፊቱን አጨማደደ።

«ይሄ እኮ ለጎማ ነው። ጥቁር ሆኖ መስታወቴ ላይ ሊንዛዛ?» ብሎ ጣሳውን ወደ አጥሩ ሥር ወረወረው። ከዚያም ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሮ «ቡላ እያለልን ሙጫ ፍለጋ ምን ያዞረናል? ሲደርቅ ድንጋይ ነው፤ ደግሞም ነጭ ነው፣ አይታይም» አለ።

የእንሰት ቡላ በውሃ ከበሰለ ወረቀት ያጣብቃል፤ ደብተሮቼን በጋዜጣ የምለብጠው በእሱ ነበር። ዝናብ ሲመታኝ ልባጡ በሙሉ ተልጦ እጄ ላይ እንደሚቀርም አውቅ ነበር።

«ጋሼ፣ ቡላ እኮ ውሃ ሲነካው ይለቃል» አልኩት።

«አንቺ ደግሞ መኪና መቼ ነዳሽ?»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። አንደኛው «ተክሌ፣ ተጠንቀቅ፤ ይቺ ልጅ አዲስ አበባ ሳትደርሱ መሪውን ቀምታህ አንተን ከኋላ ታስቀምጥሃለች» አለ። ይበልጥ ሳቁ። አባቴም አብሮ ሳቀ።

ቡላውን ያበሰለችው እናቴ ናት። እኔ እሳቱን ብቻ ነበር ያነደድኩት። ወፍራም ሆኖ የብረቱ ቦይ ውስጥ አልገባም ሲል አጎቴ ራሱ ጣሳ ሙሉ ውሃ ጨምሮበት አማሰለው፣ ከዚያ ቃጫ እየነከረ በመስታወቱ ጠርዝ ላይ ጠመጠመና ጠቅጥቆ አስገባው። የመስቀል ዕለት ፀሐይ ነበር፤ ሙጫው ደርቆ ነጭ ሆኖ መስታወቱ ቀጥ ብሎ ቆመ። አጎቴ ክትፎ እየበላ በየመሀሉ እየተነሳ በሩን እየከፈተና እየዘጋ ያሳይ ነበር፤ ሽማግሌዎቹም ሲመርቁ ቡላውንም አብረው መረቁት።

በማግስቱ አጎቴ አባቴንና አንድ ሽማግሌ ጭኖ ወደ ገበያ ወረደ። ከሰዓት በኋላ የክረምቱ ትርፍ ዝናብ ወረደ። ሲመለሱ አባቴ ቀኝ ጎኑ በሙሉ ውሃ የተደፋበት ይመስል ነበር። ገበያው መሀል፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ በሩ ሲዘጋ መስታወቱ ወርዶ ተሰባብሯል። አጎቴ ከመኪናው ወርዶ ወደ እኔ በጣቱ እየጠቆመ «ያቀጠነችው እሷ ናት። ወጥ መሰላት» አለ።

እናቴን አየኋት። መሬት መሬት ታይ ነበር።

«ልጅ ናት፣ ተዋት» አለ አባቴ።

ከአጎቴ ክስ ይልቅ ይህ ቃል ነው የጎዳኝ። አላጠፋችም ማለት ሲችል ማራት አለ፣ ምሕረቱም ፍርድ ሆኖብኝ ቀረ። እናቴ በኋላ ጓሮ ወስዳ «እሱን በሰው ፊት ባሳፍረው ማን ይወስድሻል ብዬ ነው» አለችኝ።

አልወሰደኝም። «የነካችውን የምታበላሽ ልጅ ከባለቤቴ ዕቃ ጋር አላኖርም» ብሎ በሚሄድበት ጠዋት በእኔ ቦታ ሁለት ጆንያ ቆጮና በቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ አስቀመጠ። የተሰበረውን መስኮት በላስቲክ ሸፈነው። ላስቲኩ የሚጣበቅበት ሲያጣም አጥር ሥር ጎንበስ ብሎ የወረወረውን ጣሳ ፈልጎ አነሳና፣ እኔ ቀሚሴን ለብሼ በር ላይ ቆሜ እያየሁት፣ በእኔ ማስቲሽ ዳር ዳሩን ለጠፈው። ያ ላስቲክ አዲስ አበባ ድረስ እንዳልተነቀለ ያ መልእክት ያመጣልን የጭነት መኪና ሾፌር በሌላ ጊዜ ሲያልፍ ነገረን።

በጋው ሲገባ ከሴቶቹ ጋር እንሰት ስፍቅ ዋልኩ። ጥር ላይ ተዳርኩ። ባለቤቴ ደህና ሰው ነበር፣ ስለ እሱ አልጽፍም። አዲስ አበባ ያመጣኝ እሱ ነው፤ የአጎቴን ቤት ደጃፍ ስንት ጊዜ አልፌው ስሄድ ገብቼ አላውቅም። ሲሞትም ቀብሩ ላይ አልቆምኩም።

ያቺ መኪና ዛሬም አለች። ልጁ አድሷት፣ ቀለም አስቀብቷት፣ ሰው እየቆመ ፎቶ ያነሳታል። በጳጉሜ ግቢዬ ያቆመው እሷን ነው፤ የቀኙ መስታወት እንደገና ለቆበት፣ በቱቦ የሚሸጡትን የዘመኑን ማጣበቂያዎች ከማስቲሹ ጋር መሬት ላይ ደርድሮ ይመርጥ ነበር።

«አክስቴ፣ ቡላ የለሽም?» ብሎ ሳቀ፤ በዕድሜ ስለምበልጠው አክስቴ ይለኛል። «አባዬ እንግዳ በመጣ ቁጥር እኮ ያንቺን ነገር ሳያወራ አይውልም ነበር። አቅጥነሽው…»

«ውሃውን የጨመረው አባትህ ነው» አልኩት።

እንደገና ሳቀ። ቀልድ መሰለው።

ያኔ ከቡታጅራ አዲስ አበባ መድረስ ቀን ሙሉ ይፈጅ ነበር፤ ዛሬ ቁርሱን እዚህ የቀመሰ ምሳውን እዚያ ይበላል። በአባቴ ቤት አቅጣጫ ሴቶች ልጆች ዩኒፎርም ለብሰው፣ ደብተር ታቅፈው፣ የማንንም መኪና ሳይጠብቁ በእግራቸው ሁለተኛ ደረጃ ይሄዳሉ። ሳያቸው ደስ ይለኛል ማለት ይጠበቅብኛል። የማስበው ግን የራሴን ዓመታት ነው።

ለመስቀል ልጁ መጥቶ የቀኙን በር ከፍቶ «ግቢ አክስቴ፣ ቡታጅራ አብረን እንውረድ፤ መስታወቱ አሁን አይነቃነቅም» አለኝ። ቦርሳዬን አነሳሁና ወደ መናኸሪያ ሄጄ በአውቶቡስ ወረድኩ።