ለሽማግሌዎቹ ማን ይመልስ?

አያቴን ሰው ሁሉ ያከብራቸዋል። ለገሃር ታክሲ ስንሳፈር ወጣቶቹ ተሽቀዳድመው ወንበር ይለቁላቸዋል። ረዳቱ ግን የሚጠይቀው እኔን ነው፤ «አባባ የት ነው የሚወርዱት?» ሐኪም ቤትም እንዲሁ ነው። እሳቸው ፊት ለፊቷ ተቀምጠው ሐኪሟ ወደ እኔ ዞራ «ምን ይሰማቸዋል?» ትለኛለች። ጆሯቸው ስለከበደ፣ ጮክ ብሎ ከመድገም እኔን መጠየቅ ይቀላል። እኔ ደግሞ ሰው ፊት ድምፄ ስለማይወጣ በለሆሳስ እመልሳለሁ። አያቴ በመሀላችን ፈገግ ብለው ይቀመጣሉ።

ባለፈው ዓመት ጓደኛዬ ሽማግሌ ሊልክ ሆነ። አባቴ በልጅነቴ ስለሞተ ያሳደጉኝ አያቴ፣ የእናቴ አባት፣ ናቸው። ሽማግሌዎቹን ተቀብለው መልስ የሚሰጡት እሳቸው እንደሚሆኑ ተጠራጥሬ አላውቅም ነበር። ሊመጡ አንድ ቀን ሲቀራቸው ግን አጎቴ ቂርቆስ ወዳለው ቤታችን ጎራ አለና እናቴን «አባዬን አናድክማቸው። ውስጥ ክፍል አረፍ ይበሉ፣ እኔ እመልሳለሁ» አላት።

«ሰው ምን ይላል?» አለች እናቴ።

«ቁም ነገሩ መሀል አንዱን ነገር አሥር ጊዜ ቢጠይቁስ? ለሳቸውም እኮ አስቤ ነው።»

አጎቴ ክፉ ሰው አይደለም። መድኃኒታቸውን የሚገዛው፣ እሑድ እሑድ ደግፎ ቤተ ክርስቲያን የሚያደርሳቸው እሱ ነው። እናቴም የተስማማችው ለዚህ ይመስለኛል። እኔስ በራሴ ጋብቻ ጉዳይ፣ ያውም አጎቴ ፊት፣ ምን ብዬ እናገራለሁ?

በማግስቱ ጠዋት የአያቴን ግራጫ ኮት ተኩሼ ከታጠበው ጋቢያቸው ጋር አልጋቸው ላይ አስቀመጥኩ። ኮቱን አዩ፤ እኔን አዩ።

«እንግዳ አለብን?»

በአዎንታ ራሴን ነቀነቅኩ።

ከሰዓት በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። እንደ ወጉ፣ የመጣንበት ጉዳይ ሳይሰማ አንቀመጥም ብለው ቆሙ። እኔ ማድ ቤቱ በር ሥር ሆኜ አዳምጣለሁ።

«የቤቱ አባት የሉም እንዴ?» አሉ ከዘራ የያዙት።

«አሉ፤ ትንሽ ደከም ስላላቸው አረፍ ብለው ነው» አለ አጎቴ።

«እኔስ ደክሞኝ የለ? ማን ያሳርፈኛል!»

ሳቁ ሳያልቅ የውስጡ ክፍል በር ተከፈተ። አያቴ ኮታቸውን ቆልፈው፣ ጋቢውን ደርበው ወጡ። አጎቴ እጃቸውን ሊይዝ ሲነሳ እሳቸው አልፈውት ከእንግዶቹ ትይዩ ተቀመጡ።

«ከየት መጣችሁ?»

«ከካዛንቺስ። ሰፈሩ ሲፈርስ ጎተራ ገባን እንጂ» አሉ ባለከዘራው ጮክ ብለው፤ ቀጥለውም «ልጃችሁን ለልጃችን ብለን ነው» አሉ።

አያቴ የልጁን ሥራ ጠየቁ። ወላጆቹ በሕይወት መኖራቸውን ጠየቁ። ከዚያ የፈራነው መጣ።

«ከየት ነው ያላችሁኝ?»

አጎቴ አንገቱን ደፋ። «አባዬ፣ አሁን ነገሩዎት እኮ…»

«ተው ልጄ፣ ይጠይቁ!» አሉ ባለከዘራው። «ልጅ የሚሰጥ ሰው አንዴ ጠይቆ ይበቃዋል እንዴ? ከካዛንቺስ ነው ወንድሜ፣ አሁን ጎተራ ነን።»

ለመጀመሪያ ጊዜ የተጠየቁ ያህል፣ ሳይሰለቹ ነው የመለሱት። ትንሽ ቆይተው አያቴ ለሦስተኛ ጊዜ ሲጠይቁም እንዲሁ መለሱ። ሦስቱም ሽማግሌዎች ነገሩ እንግዳ አልሆነባቸውም። እኔ በሩን ተደግፌ እፎይ አልኩ።

«እንግዲህ ልጅቱን ሳልጠይቅ ቃል አልሰጥም» አሉ አያቴ። «ነይ እስቲ!»

በወጉ እዚያ መታየት አልነበረብኝም። አጎቴ «አባዬ፣ እሱ እንኳ በኋላ ቢሆን…» ብሎ ሲጀምር በእጃቸው ዝም አሰኙት። ነጠላዬን አስተካክዬ ገባሁና ወለሉን እያየሁ ቆምኩ።

«ትፈልጊዋለሽ?»

«አዎ።»

«አልሰማሁሽም።»

«አዎ!»

«ኧረ እኛ ሰምተናል፤ ጎረቤቱም ሰምቷል!» አሉ ባለከዘራው፤ ቤቱ በሳቅ ሞላ። አያቴ ግን አልሳቁም። ትንሽ ካዩኝ በኋላ ወደ ቆሙት ሰዎች ዞሩ።

«በሉ ተቀመጡ» አሏቸው።

አጎቴ ወንበር ሊያቀርብ ተነሳ።