የጓደኛዬ ድርሰት ነው

ጊዮርጊስ አጠገብ ወዳለችው ኮፒ ቤት አንድ ሽማግሌ ሁለት ወር ሙሉ ተመላለሱ። ጫማቸው ሁልጊዜ ያብረቀርቃል፤ የነጭ ሸሚዛቸው ቁልፎች ግን መርፌ ይዞ በማያውቅ እጅ በጥቁር ክር የተተከሉ ናቸው። በመጡ ቁጥር ከካፖርታቸው ውስጥ ደብተር ያወጡና «የጓደኛዬ ድርሰት ነው» ብለው ለምትተይበው ለሳሊሀ ይሰጧታል። ስማቸውን ጠይቃቸው አታውቅም።

ድርሰቱ ተተይቦ ያለቀ ቀን ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«በራሱ ወጪ ሊያሳትመው ነው» አሉ። «የሚያውቀው ሰው ሁሉ ግሩም ነው ይለዋል። አንቺ አታውቂውምና ይሉኝታ አይዝሽም። እውነቱን ንገሪኝ።»

ሳሊሀ አምናቸው ነበርና ሳትሸሽግ ነገረቻቸው። «የልጅነቱ ነገር ደስ ይላል፣ ጋሼ። ሚስቱ ግን ሰው አትመስልም። አርባ ዓመት አብራው ኖራ፣ ታማ እስክትሞት አንድ ቃል አይወጣትም። በር ትከፍታለች፣ ምሳ ታቀርባለች፣ በቃ። ምናለ አንድ ቦታ እንኳ ቢያናግራት?»



«አናግሬያት አላውቅም» አሉ ሽማግሌው ቀስ ብለው።

ወዲያው ምን እንዳሉ ገባቸውና ጆሯቸው ድረስ ቀሉ። ሳሊሀም ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ሰውየው ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ትተው ተነሡ። በሩ ጋ ሲደርሱ፣ «የባለቤትዎ ስም ማን ነበር?» አለቻቸው።

«የሺዓለም» አሉ ሳይዞሩ። «እሱንም አልጻፍኩትም፣ አይደል?»