ድንቢጥ መስሎኝ የነበረው ወፍ

አሜሪካ፣ ብሉሚንግተን ከተማ ባለ የአረጋውያን አፓርታማ የጥገና ሥራ የጀመርኩ ዕለት አለቃዬ ግሬግ የቁልፍ ዘለላ፣ ሬዲዮና መሰላል አስረከበኝ። ሕንጻውን ሲያዞረኝ መግቢያው መብራት ላይ የጭድ ክምር አየና፣ «የድንቢጥ ጎጆ ነው። ባየህ ቁጥር አውርድ፤ እኔን አትጠይቀኝ» አለኝ።

እኔም ሳልጠይቅ አወረድኩ። ቧንቧ ስጠግን፣ ቦይለር ቼክ ሳደርግ፣ የአየር ማጣሪያ ስቀይር እውላለሁ፤ ጎጆ ማውረድ በመሃል የምትሠራ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነበረች።

በሦስተኛው ዓመት፣ ሜይ ውስጥ፣ አንድ ወርክ ኦርደር፣ ማለትም የሥራ ትእዛዝ፣ መጣልኝ። ሁለተኛ ፎቅ የሚኖሩት ሚስስ ኦልሰን በረንዳቸው ላይ ባንጠለጠሉት የአበባ ቅርጫት ውስጥ ወፍ ጎጆ ሠርታለች። ኩሱ ታች ባለው ጎረቤት ወንበር ላይ ይወርዳል። ሰውየው ቢሮ ድረስ መጥቶ ተቆጥቷል።

ሚስስ ኦልሰን በምርኩዝ የሚሄዱ ጡረተኛ የሳይንስ አስተማሪ ናቸው። ከረጢትና ጓንት ይዤ ስገባ የበረንዳው በር ላይ ቆሙብኝ።

«ምን ዓይነት ወፍ ናት?»

«ድንቢጥ ናት፣ ሚስስ ኦልሰን።»

«አይተሃታል?»

አላየኋትም ነበር።

ወንበር ሰጡኝና ከመስታወቱ ጀርባ ሆነን ጠበቅን። ወንዱ መጣ፤ ግንባሩና ደረቱ ቀይ፣ ጎኑ ላይ ቡናማ መስመሮች ወደ ታች የወረዱበት። ሴቷ ቀይ የላትም፤ ደረቷ ግን በሙሉ በደብዛዛ መስመር የተሰመረ ነው።

«የድንቢጥ ሴት ደረቷ ልሙጥ ነው» አሉኝ። «ዘፈኑንም ስማው፤ ድንቢጥ እንዲህ ረጅም አትዘፍንም። ይሄ ሃውስ ፊንች የሚባል የዚሁ አገር ወፍ ነው። እንቁላል ያለበትን ጎጆ መንካት በሕግ ክልክል ነው። ድንቢጥ ከውጭ የመጣች ስለሆነች ሕጉ አይመለከታትም።»

ሴቷ ስትነሳ ቅርጫቱን አየሁ። አራት ፈዛዛ ሰማያዊ እንቁላሎች፣ ጥቂት ጥቁር ነጠብጣብ ያለባቸው።

እንዲህ ዓይነት እንቁላሎች አውቃለሁ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ከአንድ የበር ጌጥ ላይ ካወረድኩት ጎጆ ውስጥ ነበሩ፤ ከረጢቱን አስሬ ቆሻሻ ውስጥ ጥያቸዋለሁ። ይህንኑ ለሚስስ ኦልሰን ነገርኳቸው። «አሁን አወቅህ» አሉኝ።

ግሬግ ስነግረው አልወደደውም።

«ለእኔ ሁሉም ድንቢጥ ነው። ዛሬውኑ ይውረድ።»

«እኔ አላወርድም። ካላመንከኝ ደውለህ ጠይቅ።»

እንደዚያ መልሼለት አላውቅም። ግሬግ ወደ ስቴቱ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ደወለ። ስልኩን ዘጋና፣ «ታዲያ ኩሱን ምን እናድርገው?» አለኝ።

ከቅርጫቱ ሥር የፕላስቲክ ትሪ በሽቦ አሰርኩ። ትሪውንም የጎረቤቱንም ወንበር በየሦስት ቀኑ አጠብኩ። ከወር በኋላ አራቱም ጫጩቶች በረሩ።

ከዚያ ወዲያ ግሬግ ጎጆ ሲያይ በሬዲዮ ይጠራኝ ጀመር። የመጀመሪያው ጋራዡ በር ላይ ነበር። ሃያ ደቂቃ ቆሜ አየሁ፤ የወንዱ ጉሮሮ ጥቁር፣ የሴቷ ደረት ልሙጥ። ድንቢጥ ነበረች። አወረድኩት።

ጡረታ እስክወጣ ለአዲስ የጥገና ሠራተኞች የምነግራቸው ይሄን ነበር፦ መሰላሉን ከመዘርጋታችሁ በፊት ወፉ እስኪመጣ ጠብቁ።