በልቤ ውስጥ ያለው ብሎኬት

ያመመኝ ነገር አልነበረም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ፍርሃቱ ሁሉ የመጣው ከዚሁ ስለሆነ ነው። ቢያመኝማ ቦታውን ባወቅሁት፤ እጄን ባስቀመጥሁበት፣ ጠበል ባፈሰስሁበት።

ሐኪም ቤት የሄድሁት ለዓይኔ ነው፤ ቀኙን ሞራ ጋርዶት ነበር። ባሕር ዳር ግሽ አባይ ሰፈር የምትኖረው ልጄ ከሥራዋ ፈቃድ ወስዳ ይዛኝ ሄደች። ለወትሮው እኔ አንድ ቤት አልቀመጥም። አንበሳሜ ወንዱ ልጄ ዘንድ እከርማለሁ፤ ከዚያ በጀልባ ጣናን አቋርጬ ቁንዝላ እኅቴ ዘንድ እሻገራለሁ፤ በመካከሉ ሴት የሚገባባቸውን ገዳማት እሳለማለሁ። ልጆቼ "የእማዬ ቤት መናኸሪያ ነው" እያሉ ይስቁብኛል።

ዓይኑን ሳንነካ ልብዎ ይታይ አሉኝ። አንዲት ነርስ ደረቴን ቀዝቃዛ ቅባት ቀብታ በየቦታው ሽቦ ለጠፈችብኝ። ማሽኑ ረጅም ወረቀት ተፋ። ወረቀቱን ደጋግማ አየች። ሽቦውን ነቅላ እንደገና ለጠፈች፤ እንደገና ወረቀት ወጣ።

ወጣቱ ሐኪም መጥቶ ትንፋሽ ያጥርዎታል ወይ፣ ራስዎን ስተው ያውቃሉ ወይ፣ እግርዎ ያብጣል ወይ እያለ ጠየቀኝ። ሁሉንም የለም አልሁ። ከዚያ ወደ ልጄ ዞሮ በተማረ ሰው ቋንቋ ያወሩ ጀመር። እኔ ከዚያ ሁሉ ወሬ የያዝሁት አንዲት ቃል ናት፦ ብሎክ። በግራ በኩል ብሎክ አለ፤ ልባቸው ምን ያህል እንደሚሠራ በአልትራሳውንድ ይታይ።

አልትራሳውንድ ሲባል የማውቀው እርጉዝ ሴት ስትታይ ነው። "በዚህ ዕድሜዬ ምን ልወልድ ነው?" አልሁት። እሱ ሳቀ። ልጄ ግን አልሳቀችም፤ እሷ አለመሳቋ ከሁሉ ይልቅ አስፈራኝ።

ቀጠሮው ለአሥራ አምስት ቀን ሆነ።

ብሎክ ማለት ለእኔ ብሎኬት ነው። ዛሬ ባሕር ዳር ውስጥ ብሎኬት ያልተደረደረበት ሰፈር የት አለ? በልጄ አጥር ሥር እንኳ ክምር አለ። ያ ነገር ልቤ ውስጥ ገብቶ በግራ በኩል ተጎልቷል ብዬ አመንሁ። እንዴት ይገባል ብዬ አልተከራከርሁም። ኩላሊት ውስጥ ጠጠር ይገባ የለም? ጠጠር ከገባ ትንሽ ብሎኬት ምን ያቅተዋል?

ከዚያ ቀን ጀምሮ በግራ ጎኔ መተኛት ተውሁ፤ ይጫነኛል ብዬ። ስነሣ ቀስ፣ ስጎነበስ ቀስ። ቤተ ክርስቲያን ስሄድ እንኳ ግንባሬን መሬት አስነክቼ መስገድ ፈራሁ፤ ቢንሸራተትና የልቤን በር ቢዘጋውስ? ባጃጅ ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ደረቴን በሁለት እጄ ግጥም አድርጌ እይዛለሁ። አንዱ ባለባጃጅ በመስታወቱ አይቶኝ "እማማ፣ ከነጠላው ሥር ዶሮ ይዘዋል እንዴ?" አለኝ። ዶሮ ቢሆን ምን አለበት!

ልጄ ቁንዝላ የሚባል ነገር እንዳላነሣባት ከለከለችኝ። ሐይቁ መካከል ብትወድቂ ማን ያነሣሻል አለችኝ። እኅቴ ደግሞ ታላቄ ናት፤ ከአልጋ መውረድ ካቆመች ከርማለች። መቼ ነው የምትመጪ ብላ ስታስደውል፣ ዓይኔን ልታከም እያልሁ አታለልኋት። የፈራሁት ሞትን ብቻ አልነበረም። እዚሁ ተቀምጬ እንድቀር፣ እሷም መንገድ መንገዱን እያየች እንድታልፍ ነው የፈራሁት።

ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ ዳር እየወረድሁ እቀመጥ ነበር። ጀልባዎቹ ሲሄዱ እያየሁ እጄን ከነጠላዬ ሥር አስገብቼ ልቤን አዳምጣለሁ። ይህን ሁሉ ዘመን አብሮኝ ሲኖር አንድ ቀን አዳምጬው አላውቅም። ማዳመጥ ስጀምር ደግሞ የሚያሳርፍ አልሆነም። አንዴ የፈጠነ፣ አንዴ የቆመ ይመስለኛል። የልጅነት መንደራችን አንድ ሰው ትዝ ይለኝ ጀመር፤ አጨዳ ላይ አርፍዶ ለምሳ ተቀምጦ እየተጫወተ ወደቀ። ሰው ሁሉ "ምንም አልነበረበትም እኮ" እያለ ቀበረው። እኔም ምንም የለብኝም። የሌለብኝ ነገር ነው የሚገድለኝ ብዬ አሰብሁ።

ቀኑ ደረሰና ሄድን። አልጋው ላይ ወጣሁ። ሐኪሟ ሴት ናት፤ ደርበብ ያለች። እጇን ትከሻዬ ላይ አድርጋ በግራ ጎንዎ ይተኙ አለችኝ።

"በግራስ አልተኛም።"

"ለምን እማማ?"

"ብሎኬቱ ይጫነኛል።"

ልጄ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ሐኪሟ አልሳቀችብኝም። ወንበሯን ስባ ተቀመጠችና፣ ልብዎ ውስጥ የገባ ነገር የለም አለችኝ። ልብን ምታ የሚል ትእዛዝ የሚሄድበት መስመር አለ፤ ወርዶ በቀኝና በግራ ይከፈላል፤ የእርስዎ የግራው ተዘግቶ ትእዛዙ በዙሪያ ስለሚሄድ ዘግይቶ ይደርሳል አለች።

አባቴ መሪጌታ ነበሩ። ተማሪ ቤት አልገባሁም፤ ፊደሉንም ዜማውንም ከተማሪዎቻቸው ኋላ ሆኜ የሰረቅሁት ነው። ማኅሌት ሲቆም ካህናቱ በቀኝ ጌታና በግራ ጌታ ወገን ተሰልፈው ዜማውን እንዴት እንደሚቀባበሉ አውቃለሁ።

"እንግዲያ ግራ ጌታው ዘግይቶ ነዋ የሚያነሣው" አልኋት።

"ልክ ነው እማማ። አሁን የማየው ዜማው ፈርሶ እንደሆነ ነው።"

በግራ ጎኔ ተኛሁ። አሥራ አምስት ቀን ሙሉ የሸሸሁት ጎን ነው። በማሽኑ መስኮት መሳይ መስታወት ላይ ልቤን አየሁት፤ ግራጫ ነው፤ ከውኃ እንደወጣ ዓሣ አፍ ይከፈታል ይገጠማል። በተከፈተ ቁጥር አሁን ይገጠም ይሆን እያልሁ ትንፋሼን ያዝሁ። ሐኪሟ ደግሞ ይተንፍሱ እንጂ እማማ ትለኛለች።

ሲያልቅ ደረቴን በሶፍት እየጠረገች ነገረችኝ። ደም የሚረጭበት ጉልበቱ ትንሽ ቀንሷል፤ ብዙ አይደለም። የሚዋጥ መድኃኒት እሰጥዎታለሁ፤ በስድስት ወር ተመልሰው ይታያሉ፤ ዓይንዎንም ከዚያ በፊት መሠራት ይችላሉ አለችኝ። ይብስብኛል ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ላይብስም ይችላል፣ ሊብስም ይችላል፤ የምንከታተለው ለዚሁ ነው አለች። ብትዋሸኝ ደስ ባለኝ።

"ቁንዝላስ? ልሂድ?"

ሐኪሟ ልጄን አየቻት፤ ልጄ መሬት መሬት ታያለች። "ይሂዱ" አለች። "ራስዎን ካዞረዎት ወይ ትንፋሽ ካጠረዎት ግን ውለው ሳያድሩ ይምጡ።"

ልጄ እስከ ጀልባው ሸኘችኝ፤ ጠዋት ጠዋት እደውላለሁ፣ ካላነሣሽ ጀልባ ይዤ እመጣለሁ ብላ ስልኩን እንዳነሣ አስምላኝ። ሐይቁ ላይ ነፋስ ነበረ፤ የጀልባውን ጠርዝ ጨብጬ ማርያም ማርያም እያልሁ ተሻገርሁ። እኅቴ ስታየኝ "ዓይንሽ ሳይድን መጣሽ?" አለችኝ። ስለ ልቤ አልነገርኋትም። ከጎኗ አልጋ ዘርግተውልኝ ይኸው ሦስተኛ ሳምንቴ ነው።

ዛሬም ጠዋት ስልኩ ጮኸ። "እማዬ፣ ደኅና ነሽ?" አለችኝ ልጄ። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ እኔም ገና እያጣራሁ ነበር።