ከየካ ገደል የመጡት ሁለት ሽኮኮዎች

ነፋስ አልፎ አልፎ ከቋጥኙ የሚያመጣውን የሽኮኮ ጩኸት በሰማሁ ቁጥር፣ የሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ ከእንጦጦ ማርያም ቁልቁል በነበረው ቤታችን ደጃፍ እንደገና የቆምኩ ይመስለኛል።

አባቴ ድንጋይ ጠራቢ ነበሩ። ቤተ ክርስቲያኑ ሲሠራ ከየካ ገደል ድንጋይ ሲፈነቅሉ ይውሉ ነበርና፣ አንድ የግንቦት አመሻሽ ኩታቸውን እቅፍ አድርገው መጡ። ከውስጡ ጅራት የሌላቸው፣ ከጡጫዬ ብዙም የማይበልጡ ሁለት ግልገሎች ወጡ። ድንጋዩ ሲናድ እናታቸው ሸሽታ አልተመለሰችም ነበር።

«አንዱን መርጠሽ አሳድጊ፤ ሌላውን ነገ እመልሰዋለሁ» አሉኝ።

እናቴ ደንግጣ «ሽኮኮ ርኩስ አይደለም እንዴ?» አለች።

«የተከለከለው መብላቱ ነው፤ ማሳደጉን ማን ከለከለ?»

«እንግዲያው የሕፃኑን ወተት እንዳትነኩብኝ» አለች። ያለችን አንድ ላም ስትሆን ወንድሜ ገና ጡት መጣሉ ነበር።

ሁለቱን ጭኔ ላይ አስቀምጬ፣ እርጥብና ለስላሳ የሆነውን መዳፋቸውን እየገለበጥኩ አየሁ። አንደኛው ጣቴን ነክሶ ትከሻዬ ላይ ሲወጣ፣ ሌላው ኩርምት ብሎ ዝም አለ። ዝምተኛውን መረጥኩ።

ጠዋት ስነሣ አባቴ ተናካሹን በቅርጫት ይዘው ሄደዋል፤ የእኔው ግን ቀዝቅዞ አንገቱን ማንሣት አቅቶታል። ብብቴ ውስጥ ከትቼው፣ እኛ ከመምጣታችን በፊት ጀምሮ ተራራው ላይ ከብት ያረቡ ወደነበሩት ጎረቤታችን ወደ ኦቦ ገመዳ ሮጥኩ።

በመዳፋቸው ተቀብለው አዩትና «ልጄ፣ ገራም መስሎሽ ነው? በርዶት ነው እንጂ» አሉኝ። «ሽኮኮ ተደራርቦ ነው የሚሞቀው። ወንድሙ የት አለ?»

የታመመውን ብብቴ ውስጥ መልሼ ስሮጥ ገደሉ ጋ ስደርስ፣ አባቴ ቅርጫቱን ሊከፍቱ ጎንበስ ብለው ነበር።

«አባባ፣ አይልቀቁት! ሁለቱንም ነው የምፈልገው!»

«ወተቱስ?»

«የራሴን ድርሻ እሰጣቸዋለሁ።»

ተናካሹን ከቅርጫቱ አውጥተው ከወንድሙ ጋር ብብቴ ውስጥ ከተቱልኝ። ቤት ስንደርስ አንዱ በሌላው ላይ ተጋድመው ተኝተው ነበር፤ የታመመውንም ሞቆ አገኘሁት።

ክረምቱን ሙሉ ወተት ሳልቀምስ፣ ጨርቅ እየነከርኩ አጠባቸው ነበር። አንድ የነሐሴ ቀን ግን እናቴን፣ ማንም ያላያት መስሏት፣ ከራሷ ዋንጫ ስታጠባቸው ደረስኩባት። መስከረም ፀሐይ ሲወጣ የድንጋዩ አጥር ላይ ተዘርረው ይሞቁ ነበር። ኅዳር ላይ ተናካሹ ወደ ገደሉ ወጣ፤ ሌላው አንድ ቀን ብቻ ቆይቶ ተከተለው። እኔ ሳለቅስ እናቴም ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች።

ያን ጊዜ ከደጃችን ሆነን የገደሉን ስንጥቅ ሁሉ እናይ ነበር፤ ዛሬ ባሕር ዛፉ ሸፍኖታል። የልጅ ልጆቼ «ሽኮኮ ምን ያህላል?» ሲሉኝ እጄን ዘርግቼ አሳያቸዋለሁ፤ አንዳንዴ ይተልቅብኛል፣ አንዳንዴ ያንስብኛል። ያን ጊዜ ግን ዓይኔን ጨፍኜ ክብደቱን አውቀው ነበር።