ቡድኑ መከታ ያልመረጠ ጊዜ

ሎሬን ከተማ ውስጥ «ቡድኑ» ካሉ የትኛው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ሌናርድ ሁዳክም ዕድሜውን ሙሉ ከዚያ የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን ሌላ አልደገፈም። በቧንቧ ፋብሪካው ክሬን ሲያንቀሳቅስ ኖሮ፣ ፋብሪካው ሰው መቀነስ ሲጀምር ጡረታ የወጣ፣ ትከሻው የበር ያህል የሰፋ ሰው ነው። እሁድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ይሳለማል፤ ከሰዓት በኋላ ቡድኑ ሲሸነፍ ያያል። ሚስቱ ዶሎረስ «ጠዋት የተሰረየልህን ኃጢአት ከሰዓት በስድብ መልሰህ ትሸከመዋለህ» ትለው ነበር።

ከዓመቱ ቀናት ሁሉ የሚወዳት ግን ጨዋታ የሌለባትን አንዲት የሚያዝያ ቅዳሜ ነበር። በዚያች ቀን ቡድኖች ሁሉ ከኮሌጅ የሚወጡትን ልጆች በተራ ይመርጣሉ፤ ባለፈው ዓመት ጭራ የሆነው ቀድሞ ያነሳል። ድራፍት ይሉታል። የእኛ ሰው ስሙን ሲሰማ ቢራ ነው የሚመስለው፤ እውነቱን ለመናገር ቢራውም አይቀርም። ለተሸናፊ እንዲህ ያለ ምሕረት የሚደረግበት ሌላ ቀን ሌናርድ አያውቅም። የእሱ ቡድን ጭራነቱን ርስት አድርጎት ስለነበር፣ በየሚያዝያው ከፊት ተሰልፎ ያማርጣል። አማርጦም ይስታል።

በዚህ ነገር ላይ ሌናርድ የጠና እምነት ነበረው። ቤት ከጣሪያ አይጀመርም ባይ ነው። ኳሱን የሚወረውረው ልጅ ምንም ክንዱ ቢያምር፣ ከፊቱ ቆመው የሚመክቱለት አምስት ግንበኛ መሳይ ሰዎች ከሌሉ፣ ኅዳር ሳይጠባ በጀርባው ይተኛል። ስለዚህ መጀመሪያ መከታ፣ ከዚያ ወርዋሪ። ይህን ለቄሱም፣ ለፀጉር አስተካካዩም፣ የጥርስ ሐኪሙ ወንበር ላይ አፉን ከፍቶም ተናግሯል። የቡድኑ ሹማምንት ግን በየዓመቱ ጥርሱ የሚያበራ ወርዋሪ ያነሱና ካሜራ ፊት ያቆሙታል። ታናሽ ወንድሙ ኤሚል ቀልደኛ ነውና «ሙሽራ አምጥተው በረንዳ ላይ ያሳድሯታል» ይል ነበር።

ሌናርድ ስለ መከታ ሲናገር ድምፁ የሚለወጠው ግን ስለ ጨዋታው ብቻ አልነበረም። ልጁ ክሬግ መከታ ነበር። የአባቱን ትከሻ ወርሶ፣ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትም በኮሌጅም ከወርዋሪው በስተግራ የሚቆመው እሱ ነበር። ማንም ስሙን አይጠራም፤ መከታ ስሙ የሚጠራው ሲስት ብቻ ነው። አንድ ዓመት እሱም ይመረጣል ተብሎ፣ ዘመድ አዝማዱ ሳሎን ተሰብስቦ ስልኩን ከብቦ ዋለ። ስልኩ አልጮኸም። ጉልበቱ ቀደም ብሎ ተበጥሶ ነበርና ማንም አልደፈረም። ለጉልበቱ የታዘዘለት የሕመም ማስታገሻ ኪኒን ግን ከጉልበቱ ሕመም አልፎ ሱስ ሆነበት። ክሬግ ጣሪያ ሥራ ገባ፣ ከጣሪያ ሥራ ወጣ፤ አገባ፣ ተፈታ፤ ሁለት ጊዜ ማገገሚያ ገብቶ ሁለት ጊዜ ተመለሰበት። ከገና ወዲህ ግን ወላጆቹ ቤት፣ ምድር ቤቱ ውስጥ እያደረ ንጹሕ ሆኖ ሰንብቷል። ጠዋት ጠዋት ከአባቱ ጋር ቁርስ ይበላል፤ ለእናቱ በረዶ ይዝቃል። ሌናርድ ለኤሚል «ዘንድሮ ሁለቱም የሚቃኑ ይመስለኛል» ብሎት ነበር። ቡድኑንና ልጁን ማለቱ ነው።

የዚያ ዓመት ምርጫ ሲደርስ ቡድኑ ሦስተኛ ተራ ላይ ነበር። ከነብራስካ የገበሬ አገር የወጣ አንድ መከታ ነበር፤ ሌናርድ ክረምቱን ሙሉ ስለ እሱ ሲያነብ ከርሞ እስከ እግር አጣጣሉ ድረስ ያውቀዋል። ቅዳሜ ቀትር ላይ ኤሚል በጭስ የደረቀ ቋሊማ ይዞ መጣ፤ ዶሎረስ በድንችና በአይብ የሞላቻቸውን ፒየሮጊ የተባሉ የሊጥ ጥቅሎች በቅቤ ጠብሳ አቀረበች። ክሬግ ከምድር ቤት ወጥቶ ሰፊው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ብዙም አልበላም።

ገና የመጀመሪያው ስም ሳይጠራ ዜናው መጣ። ቡድኑ ከፊቱ ካለው ቡድን ጋር ተራ ተለዋውጧል። አንዲት ደረጃ ከፍ ለማለት ሲል የዘንድሮውን ሁለተኛ ዙር ምርጫውንና የሚቀጥለውን ዓመት የመጀመሪያ ምርጫውን አሳልፎ ሰጠ። ከፍ ብሎም ወርዋሪ አነሳ። ልጁ ኮፍያውን አጥልቆ ለካሜራው ሳቀ፤ ጥርሱ እንደተለመደው ያበራል።

«የከርሞውን ደግሞ ሸጡት» አለ ሌናርድ። አልጮኸም። «ያለውን ማባከን አንድ ነገር ነው፤ ያልመጣውን ይበሉታል?»

ኤሚል ቋሊማውን መቆራረጥ ቀጠለ።

ሌናርድ የቀድሞውን መከታ አስተያየት ፈልጎ ወደ ልጁ ዞረ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ከሁሉም ቀድሞ የሚራገመው ክሬግ ነው። ክሬግ ግን አገጩ ደረቱ ላይ ወድቋል፤ ሹካው ከእጁ ተንሸራትቶ ምንጣፉ ላይ ተኝቷል። ዶሎረስ አጎንብሳ ጉንጩን ነካችው። ከዚያ የተበላሸ ዳሌዋን እየጎተተች ወደ ፎቅ ወጣች። ስትወርድ ለዳሌዋ ቀዶ ጥገና የታዘዘላት የማስታገሻ ኪኒን ጠርሙስ እጇ ላይ ነበር። ቋሊማው አጠገብ አስቀመጠችው፤ ባዶ መሆኑ ከድምፁ ታወቀ።

«ክሬግ» አለ ሌናርድ።

«እ?» ዓይኑን በግማሽ ከፈተ። «ማንን ወሰዱ?»

«ወርዋሪ።»

«እሺ» አለ ክሬግ ፈገግ ብሎ። «ጥሩ ነው።»

ሌናርድን ከጠርሙሱ ይልቅ ያስደነገጠችው ያች ቃል ናት። ሕይወቱን ሙሉ ግንባሩን ለሰው ሲሰጥ የኖረ ልጅ፣ ያለ መከታ ወርዋሪ ተገዛ ሲባል ጥሩ ነው አለ። እዚያ ወንበር ላይ ማን እንደተቀመጠ አላወቀውም።

ጫማውን አደረገና ልጁን መኪና ውስጥ ግባ አለው። ቶሊዶ ያለው ማገገሚያ ከዚህ በፊት የተቀበለው ነው፤ ኤሚል ደውሎ አልጋ እንዳለ አጣራ። ክሬግ አልተከራከረም። እናቱን አቅፎ ይቅርታ ጠየቃት፤ እሷም ጃኬቱን ቆለፈችለት፣ ልክ ትምህርት ቤት እንደምትልከው።

መንገድ ላይ ሌናርድ ሬዲዮ ከፈተ። አዋቂ ነን ባዮቹ የቡድኑን ድፍረት ያወድሳሉ። የነብራስካው ልጅ ለሌላ ቡድን መሄዱ ሲነገር ክሬግ ከመስኮቱ ሳይዞር ተናገረ።

«አባዬ፣ እሱን ስላልወሰዱት አትዘን። እዚህ መጥቶ ጉልበቱ ቢበጠስ ምን ሊሆን ነበር?»

«ሁሉም ጉልበቱ አይበጠስም፣ ልጄ።»

«የተበጠሰበትስ?»

ሌናርድ እጁን ሰዶ የልጁን አንገት ከኋላ ያዝ አደረገውና መልሶ መሪውን ጨበጠ።

ፍሪሞንት አቅራቢያ ነዳጅ ማደያ ቆሙ። ክሬግ ሽንት ቤት ልሂድ ብሎ ወደ ሱቁ ገባ። ሌናርድ ነዳጁን ቀዳ፣ መስተዋቱን ወለወለ፣ መኪናው ውስጥ ገብቶ ጠበቀ። ከቆየ በኋላ ሊጠራው ገባ። ሽንት ቤቱ ባዶ ነው። ሻጯ ጠና ያለች ሴት ነበረች፤ ፊቱን ስታየው የሆነው ሳይገባት አልቀረም።

«ስልክ ተውሶኝ ደወለ፣ አባት» አለችው ቀስ ብላ። «ከዚያ በጓሮው በር ወጥቶ ግራጫ ፒክአፕ ውስጥ ገባ። ልጅዎ ነው?»

«አዎ፣ ልጄ ነው።»

ቡና በወረቀት ኩባያ ቀድታ እንቢ ቢልም እጁ ላይ አስያዘችው። ሌናርድ በፍሪሞንት መንገዶች ላይ ግራጫ መኪና ሁሉ እየተከተለ ዞረ። አንዱን እስከ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ድረስ ተከተለው፤ አንዲት ባልቴት አበባ ይዛ ወረደች። ከዚያ በኋላ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ኤሚል ደጁ ላይ ቆሞ ነበር፤ ዶሎረስ ሳህኑን ሁሉ አጥባ ጨርሳለች።

«አስገባኸው?» አለችው።

«አላስገባሁትም።»

ወንበር ስባ ተቀመጠችና ከነሸርጧ እስኪመሽ እዚያው ቆየች። ፖሊስም ማገገሚያውም ለአቅመ አዳም የደረሰ ሰው በፈቃዱ ከሄደ ምንም ማድረግ እንደማይችሉ ነገሯቸው።

በመስከረም ውድድሩ ተጀመረ። ጥርሰ መልካሙ ወርዋሪ የመጀመሪያውን ጨዋታ አሸነፈና ከተማው ሁሉ ስሙ የተጻፈበት ማልያ ለበሰ። ከዚያ በየሳምንቱ ይጥሉት ጀመር። የሚመክትለት የለም። ኅዳር ላይ ሁለት ሰው ባንድ ጊዜ ወደቀበትና የአንገት አጥንቱ ተሰበረ። በቃሬዛ ጋሪ ሲገፉት እናቱን ካሜራው አሳየ፤ አፏን በሁለት እጇ ይዛለች። ኤሚል፣ ወንድሙ «አላልኩም?» እስኪል ጠበቀ። ሌናርድ ግን ዓይኑን ከስክሪኑ አልነቀለም። ዕድሜውን ሙሉ ትክክል ነበር፤ ትክክል መሆኑ ለማን ምን እንደረባ ግን አልገባውም። ከዚያ ወዲያ ኤሚል በየእሁዱ መምጣቱን ቀነሰ። የቡድኑ ሹማምንት ተባረው አዳዲሶች ተሾሙ፤ እነሱም ከመሠረቱ እንገነባለን አሉ። በምን እንደሚገነቡ አይታወቅም፤ የመጪው ሚያዝያ የመጀመሪያ ምርጫ የሌላ ሰው ነው።

የምስጋና በዓል እንዳለፈ፣ አንድ እሁድ አመሻሽ ላይ ስልኩ ጮኸ። ክሬግ ነበር፤ ከኬንታኪ፣ ከመንገድ ዳር ስልክ። ዶሎረስ በላህ ወይ፣ ይበርድሃል ወይ፣ ጉልበትህስ እያለች ጠየቀችው። ከዚያ እጀታውን ወደ ባሏ ዘረጋች። ሌናርድ ራሱን ነቀነቀ።

«ምን ልበለው?» አላት በሹክሹክታ።

«ምንም አትበለው። ድምፅህን ይስማ።»

ተቀበላት። በወዲያኛው በኩል የመኪና ድምፅና የልጁ ትንፋሽ ይሰማል።

«ጨዋታውን አየኸው?» አለው ሌናርድ።

«አላየሁም፣ አባዬ። የት አይቼ? ቴሌቪዥን የለኝም።»

«እሺ።»

ሌላ ነገር ሊጨምር ሲያስብ መስመሩ ተቋረጠ። እጀታውን በቦታው አስቀመጠ።

«ምን አለህ?» አለች ዶሎረስ።

«ቴሌቪዥን የለውም» አላት።